የፊልም አዘጋጁ ወንፈል

ሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ አዲስ አበባ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ዶሮ ከጮኸ በኋላ ወፍ ሳይንጫጫ ነው። አራት ነን። መሪውን የያዘው ግርማ፣ ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ ያቀፈው ወርቁ፣ የሥራው ባለቤት አቶ ኅሩይ፣ አራተኛው እኔ ነኝ። አንዳርጌ እባላለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚህ ከተማ ድንጋይ ስደረድር የኖርኩ ግንበኛ ነኝ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም። ይህን ለማውጣት የፈለጉ አንድ የጋዜጣ ሰው «ያዩትን ልክ እንደሚያወሩት አድርገው ይጻፉት» ስላሉኝ ነው እንጂ በራሴ አልደፍረውም ነበር።

አቶ ኅሩይ የፊልም አዘጋጅ ነው። ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ልቡ ደግ የሆነ ሰው ነው። ተዋናይ አይወድም። ቀለም የተቀባ ፊትና ጌጠኛ ቤት አይወድም። የሚወደው ሠራተኛ ነው። ከዚህ በፊት ስለ መርካቶ ተሸካሚዎች ፊልም ሠርቶ ነበር። ፊልሙ በትልቅ አዳራሽ የታየ ቀን፣ ወንበሩን ተሸክመው ያስገቡት ተሸካሚዎች በር ላይ እንዲቀሩ ተደረገ። ኅሩይ ይህን ሲሰማ ተቆጥቶ ወጣና እጃቸውን ይዞ አስገባቸው፤ ከመኳንንቱ ጎን ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። እነሱም ቀኑን ሙሉ ወንበር ሲሸከሙ ስለዋሉ መብራቱ እንደጠፋ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኔን ያገኘኝ የጎረቤቱን አጥር ስገነባ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እጄን ሲያነሣ ዋለ። ፊቴን አልፈለገውም። በኋላ ባለቤቴን ወስጄ ያነሣውን ባሳያት «ይኼ የተሰነጣጠቀ እጅ የማን ነው? ምስኪን» አለች። ሠላሳ ዓመት ያጎረሳት እጅ ነው።

የቢቸና ሰው መሆኔን ሲሰማ ደስ አለው። ጊዜው ኅዳር ነው፤ ጤፍ ይታጨዳል። አዲሱ ፊልም አጨዳ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ፈለጣም ይፈልጋል። አጨዳው ከኔ አገር፣ ድንጋዩ ከሞጣ ሊሆን ነው። ሞጣ አጠገብ ስልሳ ያህል የመንገድ ሠራተኞች በመዶሻ ድንጋይ ይፈልጣሉ። ሥራቸው ሐሙስ ያልቃል፤ ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ሐሙስ ማታ ወደየአገራቸው ይበተናሉ። ስለዚህ ረቡዕ አጨዳ፣ ሐሙስ ሞጣ። ኅሩይ ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ከመኪናው መስተዋት ላይ ለጠፈው።

«ሐሙስ ካመለጠን ፊልሙ ግማሽ ሆኖ ይቀራል» አለን። ሁላችንም እሺ አልን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስለው አላስቻለውም። «ጋሼ አንዳርጌ፣ አሠሪና ሠራተኛ እኩል ነው፤ አንተ ይበሉኝ» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ አንተ ማለት ጀመርኩ። እሱ ግን እስከ ዛሬ እርስዎ ይለኛል። እኩልነታችን በዚህ መልክ ነው የሚሄደው።

ሰኞ፣ ቀትር፤ ዓባይ

ፍቼ ላይ እየተንቀጠቀጥን ሻይ ጠጣን። ጎሐ ጽዮን ላይ ካፖርታችንን አወለቅን፤ ቁልቁለቱን ስንጀምር ሹራባችንን፤ ታች ስንደርስ በሸሚዝ ቀረን። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው እንደ ዳኛ ያዩናል። ዓባይ ከላይ ሲያዩት ክር ነው፤ አጠገቡ ሲቆሙ ግን ድምፁ ሰው ያስጮኻል። ድልድዩ አፍ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ወታደር አስቆመን።

«ድልድዩን ማንሣት ክልክል ነው» አለ ካሜራውን አይቶ።

«አናነሣም» አለ ኅሩይ።

«እኔን ግን ማንሣት ትችላላችሁ።» ይህን ብሎ ቆቡን አስተካከለ።

«ወንድሜ፣ እኛ የምናነሣው ሠራተኛ ነው።»

ወታደሩ ጥቂት አሰበና «ታዲያ እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን እያደረግሁ ነው?» አለ።

ግርማ ሞተሩን አስነሣ፤ ተሻገርን። ዞር ብዬ ሳይ ወታደሩ ቆቡን እንዳስተካከለ ቆሟል።

ደጀን ላይ ከአንዲት ሴት ሦስት እንቁላል በአሥር ሳንቲም ገዛን። ኅሩይ ረክሷል ብሎ ሌላ አሥር ሳንቲም ጨመረላት። እሷም ጭማሪውን አገላብጣ አየችውና መልሳ ለግርማ ሰጠችው። «ሰውዬው ደህና ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

ከደጀን ወደ ቢቸና የሚወስደው የአፈር መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ አንዳንዱ ማሳ ገና ቆሟል፣ አንዳንዱ ታጭዶ ተከምሯል። አቧራው ከኋላችን እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል። ቢቸና ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አንዲት ሴት ባለ ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ሁለት ክፍል አከራየችን፤ ሽንብራ በርበሬ ነስንሳ አቀረበችልን። ኅሩይ ከመተኛቱ በፊት መኪናው ድረስ ሄዶ ወረቀቱን ሲያይ አየሁት።

ማክሰኞ፤ ከቢቸና በእግር አንድ ሰዓት

የተወለድኩበት መንደር ከቢቸና በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እዚያ የቀረኝ ሰው የሟች ወንድሜ ሚስት ዝማም ናት። ወንድሜ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ትኖራለች፤ ማሳዋን በሬዋን እያዋሰች በሰው ታሳርሳለች፤ አጨዳውን ግን በወንፈል ነው የምትወጣው።

ወንፈልን ለማያውቅ የከተማ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። አሥራ ሁለት ቤት ይማማልና ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እያለ በተራ ያጭዳል። አንድ ቀን የተሠራለት ሰው አንድ ቀን ይሠራል። የነዝማምን ወንፈል የሚመራው ቢያዝን የሚባል፣ አምሳ የዘለለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ገበሬ ነው።

ሰዎቹን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰበሰብናቸው። ኅሩይ ንግግር አደረገ። የዳቦው ባለቤት የሚረሳበት ጊዜ ማብቃቱን፣ የገበሬው ላብ በአገሩ ሁሉ መታየት እንዳለበት፣ በፊልሙ ውስጥ ጌታ የሚባል እንደማይገባ ተናገረ። ደህና አድርጎ ነው የተናገረው። ሰዎቹም በአክብሮት አዳመጡት። ከዚያ ቢያዝን መሬት መሬት እያየ ጠየቀ።

«ጌታው፣ ይህ መሣሪያ ጤፉን ያየዋል?»

«ያየዋል።»

«ያየውንስ አይረሳም?»

«አይረሳም፤ ጥቅሙም እሱ ነው።»

ሰዎቹ ተያዩ። እኔ ወዲያው ገባኝ። እዚህ አገር በአጨዳ ወቅት ከከተማ መጥቶ፣ ማሳ ዳር ቆሞ፣ እህል በዓይኑ የሚመዝን እንግዳ አንድ ዓይነት ነው፤ ግብር ገማች ነው። ያኛው ገማች እንኳ መንገድ ላይ ይረሳል፤ ጠላ ከጠጣ ደግሞ የበለጠ ይረሳል። የማይረሳ ገማች መጣልህ ሲባል ማን ደስ ይለዋል።

«እንግዲያስ» አለ ቢያዝን፣ «የኛ ማሳ ጥቃቅን ነው፤ ለዓይን አይሞላም። የፊታውራሪን ማሳ ቢያዩት ምን ይመስልዎታል? ሰፊ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ከኋላው ይታያል።»

ኅሩይ ሄዶ አየው። ብርሃኑን ወደደው። የመንደሩ ባላባት ፊታውራሪ ተጠየቁ፤ እሳቸውም ወደዱት። ሰዎቹም ወደዱት፤ የፊታውራሪ ጤፍ ተገምቶ ግብራቸው ቢጨመር በመንደሩ ውስጥ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አልነበረምና። ስለ ጭሰኛና ስለ ገበሬ የሚሠራው ፊልም የጌታውን ማሳ የመረጠው በዚህ ዓይነት፣ ሁሉም ተስማምቶ ነው።

«ለቀኑ ምን እንክፈላችሁ?» አለ ኅሩይ።

«ቅጥር አንገባም» አለ ቢያዝን። «በአጨዳ ጊዜ ቀን አይሸጥም። ቀናችን እርስ በርሳችን የተያዘ ነው።»

እዚህ ላይ ነው እኔ የተሳሳትኩት። «እንግዲያው ወንፈል አስገቡን» አልኩ። «ነገን ስጡን፤ ቀኑን በቀን እንመልሳለን።» ሲያልቅ ኅሩይ አንድ ነገር በእጃቸው ያደርጋል፣ ነገሩም ይረሳል ብዬ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ከተማ መኖር እንዲህ ያደርጋል። ሰዎቹ ግን ቃሌን እንደ ቃል ወሰዱት።

ዝማም ወደ ጎን ጠራችኝ።

«አያ አንዳርጌ፣ ነገ እኮ የኔ ተራ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ጤፌ ደርሷል፤ መርገፍ ጀምሯል። ሐሙስ የቢያዝን ተራ ነው። ዓርብ ሚካኤል ነው፤ ማጭድ አይነሣም። ከዚያ ሁለቱ ሰንበት። ደመናውንም ይዩት።»

አየሁት። በዓባይ በኩል ጠቆር ያለ ነገር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በኅዳር የደረሰ ጤፍ ላይ ዝናብ ከወረደ የሚሆነውን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። የዓመት እንጀራዋ ነው።

«ሐሙስን እኛ እናጭድልሻለን» አልኳት።

«እናንተ ስትሉ እነማን ናችሁ?»

«አራት ሰው ነን።»

ራቅ ብሎ ወደቆመው ኅሩይ ተመለከተች። ጫማውን አየች። «እሺ እንግዲህ፣ እርስዎ ካሉ» አለች።

ይህን ለኅሩይ አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ሽማግሌ ሰው ነገ ማለት ይወዳል።

ረቡዕ፤ የፊታውራሪ ማሳ

ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው ተደረደሩ። ወርቁ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆመ። ፊታውራሪ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ኅሩይ በትሕትና «ፊታውራሪ፣ ጥላዎ ፊልሙ ውስጥ እየገባ ነው» አላቸው። ወንበራቸውን እያስነሡ ሦስት ጊዜ ተዛወሩ፤ አንድም ጊዜ አልተቆጡም። ለምን እንዳልተቆጡ በኋላ ነው የገባኝ።

ሰዎቹ ቁጢጥ ብለው ማጨድ ጀመሩ፤ እየተቀባበሉም ዘፈኑ። እውነት ለመናገር ውብ ነበር። ኅሩይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ «እንደገና» አለ።

የታጨደ ጤፍ እንደገና አይታጨድም። ስለዚህ ሰዎቹ ወደ ፊት ሄደው ያልታጨደውን አጨዱ።

«ጥሩ ነው፤ እንደገና።»

አሁንም ወደ ፊት ሄዱ። አንዴ ከሰዎቹ አንዱ ካሜራውን ስላየ፣ አንዴ አንድ አህያ ስላናፋች፣ አንዴ ደመና ስላለፈ፣ እንደገና ተባለ። እንደገና በተባለ ቁጥር የፊታውራሪ ማሳ ከአንድ ጥግ እየተራቆተ ሄደ። ፊታውራሪ ቃሏን እየወደዷት መጡ። ኅሩይ ጥቂት ዝም ካለ ከጥላቸው ሥር ሆነው «ልጄ፣ እንደገና አትልም?» ይሉት ጀመር።

ቀኑ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የቀመሰ የለም። በዘጠኝ ሰዓት ከፊታውራሪ ቤት ጠላና ሽሮ መጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳው ላይ የቆመ ጤፍ አልነበረም። ፊታውራሪ የኅሩይን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው «እንዲህ ያለ ፊልም ለአገር ይጠቅማል፤ በየዓመቱ ብትመጡ አይከፋኝም» ብለው ሄዱ።

ኅሩይ በጣም ተደስቶ ነበር። ለሰዎቹ ያዘጋጀውን ፖስታ አወጣ። ቢያዝን እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ይኼ ምንድን ነው ጌታው?»

«የድካማችሁ ዋጋ ነዋ።»

«የገባነው ወንፈል ነው። ወንፈል በቀን ነው የሚመለስ። ማሳዎ የት ነው? ሩቅ ነው?»

«ማሳ የለኝም።»

«ርስትዎስ?»

«ርስትም የለኝም።»

«አባትዎ ምንም አልተዉልዎትም?»

«አባቴ ጸሐፊ ነበሩ፤ የተከራየ ቤት ውስጥ ነው የሞቱት።»

ቢያዝን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጌታው ማለቱን ተወ። ድምፁ ሁሉ ተለወጠ፤ የታመመ ሰው እንደሚያናግሩት አድርጎ «አይዞህ ልጄ» አለው። ከኋላ አንዱ «አንድ ጥማድ መሬት እንኳ?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው በክርኑ ጎሰመው። ስለ ድኾች ፊልም የሚሠራው ሰው በዚያ ማሳ ላይ ከቆሙት ሁሉ ድኻ ሆኖ ተገኘ።

ያኔ ዝማም መጣች። «እንግዲያው ነገ በጠዋት እንገናኝ» አለች፤ ማጭድ ስንት እንደምታዘጋጅ ጠየቀችን።

ኅሩይ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ አንዳርጌ፣ ነገ ሞጣ ነን አላልኩዎትም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔ ለሷ ነገ እዚህ ነን ብያታለሁ።»

አልጮኸም። ነገር ሲያስከፋው አይጮኽም። «ይኼ ፊልም እኮ ለነሱ ነው የሚሠራው። እንደ እትየ ዝማም ላሉት ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኩት። «ጤፉም የሷ ነው።»

ማታውኑ ወደ ቢቸና ተመለስን፤ ኅሩይ ፊት ፊት ሄደ።

ሐሙስ፤ የዝማም ማሳ

ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ነጠላዬን አገለደምኩና ለኅሩይ በሩ ላይ ሆኜ ነገርኩት። «እናንተ ወደ ሞጣ ሂዱ። ቃሉ የኔ ነው፣ እኔ አጭዳለሁ።» ስወጣ ግርማ መኪናው አጠገብ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። የሰላሌ ገበሬ ልጅ ነው። «ቁልፉ በኪሴ ነው፤ ያለኔ የትም አይሄዱም» አለኝና ተከተለኝ።

የዝማም ማሳ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ ብርሃንም የለው። ዝማም፣ ልጇ፣ ግርማና እኔ ሆነን ገባንበት። ግርማ ሲያጭድ ሦስት ሰው ነው። እኔ ድሮ እንዲያ ነበርኩ፤ አሁን ጉልበቴ እየተነጫነጨ ነው የሚታዘዘኝ። ሰማዩ ዝቅ ብሏል። ከወንዙ ማዶ ቢያዝንና ሰዎቹ በተራው የሱን ያጭዳሉ።

ረፋዱ ላይ ኅሩይና ወርቁ ካሜራውን ተሸክመው መጡ። ኅሩይ ተነቃቅቷል። «ጋሼ አንዳርጌ፣ ትናንትና የሠራነው ሁሉ ልክ አልነበረም። እውነተኛው ይኸ ነው። እናንተ ዝም ብላችሁ ሥሩ፤ እኛን አትዩን» አለ። ካሜራውን ዳር ላይ ተከሉ። ኅሩይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ያይ ጀመር።

ዝማም ጥቂት ታገሠች። ከዚያ በእጇ የያዘችውን ጭብጥ አስቀምጣ ቀና አለች።

«አያ አንዳርጌ፣ ይኸ ልጅ ወንፈል ገብቷል ብለውኝ አልነበረም?»

«ገብቷል።»

«እኔ ደግሞ፣ ሰው ሲያጭድ ዳር ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ፣ ገማች ብቻ ነው የማውቀው።» ተመልሳ ቁጢጥ አለች። «ማጭዱ እዚያ ከእንስራው አጠገብ ነው» አለች፤ ወደ ማንም አላየችም።

ኅሩይ ከካሜራው ላይ ዓይኑን አነሣ። ፊቱ ሲቀላ ከሩቅ ታየኝ። ይህ ሰው መኳንንት ሲሰድቡት ሳቀ፤ ሹማምንት ፊልሙን ሲቆራርጡበት ተከራከረ። ገማች ያለው ሰው ግን አልነበረም። ጫማውን ፈታ፤ ካልሲውን በጥንቃቄ አጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፤ ማጭዱን አንሥቶ ገባ።

አጨዳው ምን እንደሚመስል በደግነት ልጻፍ። ሌላው ሰው የጨበጠውን ሲያስተኛ እንደ ጸጉር የተበጠረ ነው፤ የኅሩይ ግን ወፍ ትታው የሄደችውን ጎጆ ይመስላል። ከሥር መያዝ ሲገባው ከወገቡ ይይዛል፤ ግማሹ ጤፍ ቆሞ ይቀራል። ዝማም ከኋላው እየተከተለች የቀረውን ትለቅማለች። «ዝቅ በል፤ ዝቅ በል ልጄ፤ ጤፉ አይሰማውም፣ ለምን ታቅፈዋለህ?» ትለዋለች። አምስት ሰዓት ሳይሆን ጣቱን ቆረጠው። ከቀሚሷ ጠርዝ ቀድዳ አሰረችለት። እኔ እንግዲህ ያበቃል አልኩ። እሱ ግን ተመልሶ ቁጢጥ አለ።

ወርቁ ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ማጭድ ስለፈራ ነዶ ተሸካሚ ሆነ። አንዴ ሲያልፍ «አቶ ኅሩይ፣ ሞጣ እኮ ዛሬ ነበር» አለ።

«ነዶውን ተሸከም» አለ ኅሩይ።

ከቀትር በኋላ በዓባይ በኩል ነጎደ። ካጨድነው ያላጨድነው ይበልጣል። ስድስታችንም ማንም ሳያዝዘን ፈጠን አልን። አሥር ሰዓት ገደማ የቢያዝን ማሳ አለቀና ሰዎቹ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወንዙን ተሻግረው መጡ። ዳር ቆመው ኅሩይና ወርቁ የሠሩትን ክምር ተመለከቱ። ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነበር።

«ይኼን ማነው የከመረው?» አለ ቢያዝን።

«እኔ ነኝ» አለ ኅሩይ።

«ምን መስሎህ ነው?»

ሊያግዙን የመጡ አይመስለኝም፤ የግዴታ ቀናቸውም አልነበረም። ክምሩን አይተው ዝም ማለት ስላቃታቸው ነው። አፍርሰው እንደገና ከመሩት። እጃቸው ከገባ በኋላ ደግሞ አጨዳውም ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ዝማም ቤት ያለውን ቆዳ ሁሉ አወጣች፤ ክምሩን በሣርና በቆዳ አለበስነው። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። በማሳው ታችኛው ጥግ፣ አንድ ቤት የሚያህል ቦታ፣ ያልደረስንበት ጤፍ ቆሞ ቀረ። ዝማም በደጃፏ ሆና ዝናቡ ሲያስተኛው ታየው ነበር።

«የተረፈው ይበልጣል» አለች በመጨረሻ። ከዚያ እርጎ ሰጠችን።

ዓርብ፣ ኅዳር ሚካኤል፤ ሞጣ

ጠዋት መንገድ ገባን። ዝናቡ አፈሩን ሊጥ አድርጎታል፤ ደብረ ወርቅ ላይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኘን፤ ጉንደ ወይን ድረስ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ኅሩይ የታሰረ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ በትከሻው ነው የሚገፋው። የላንድሮቨሩ መስተዋት ላይ የተለጠፈው ወረቀት ረጥቦ ወድቋል፤ ማንም አላነሣውም።

ሞጣ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሠራተኞቹ የነበሩበት ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የተፈለጠ ድንጋይ ተራራ ተራራ ሆኖ ተቆልሏል። ሰው የለም፤ መዶሻም የለም። የሥራው ተቆጣጣሪ ብቻ የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ መጣ።

«ትናንትና ስንጠብቃችሁ ዋልን። ፊልም ሊያነሡን ነው ብለው ሁሉም ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነበር የመጡት። ንጹሕ ሸሚዝ እንዳይቆሽሽ ብለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ያነሣ አልነበረም። ማታ ተበተኑ።»

ወርቁ ካሜራውን አቅፎ «ክምሩን ላንሣው?» አለ።

«የፈለጠው ሰው በሌለበት?» አለ ኅሩይ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እኔን እንዲወቅሰኝ ጠበቅሁ፤ ልክም ነበር። ፊልሙ በኔ ቃል ምክንያት ግማሽ ሆኗል። እሱ ግን አንድ የተፈለጠ ድንጋይ አንሥቶ አገላበጠ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«የተኛ ጤፍ ይታጨዳል?»

«ሳይበሰብስ ከደረሱበት ይታጨዳል። በእጅ ቀና እያደረጉ ነው፤ አድካሚ ነው።»

«መቼ ነው የሚቻለው?»

«ሰንበት ካለፈ፣ ሰኞ።»

«ሰኞ የማን ተራ ነው?»

«የሌላ ሰው። ዝማም ከልጇ ጋር ነው የምትሞክረው።»

ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «በዚያ በኩል አይደል የምንመለሰው? መንገዳችን ላይ ነው» አለ። መንገዱ አንድ ብቻ እንደሆነ ግርማም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ቀትር፤ ዝማም ደጅ

ይህን የምጽፈው ከዝማም ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ጠዋት ጀምረን ከጥጉ ግማሹን አነሣን፤ አሁን ዕረፍት ነው። ጭቃው ጉልበታችን ደርሷል። የተኛው ጤፍ ከሥሩ መሻገት ጀምሮ ነበር፤ ቢሆንም ደርሰንበታል። ዝማም አንዱን ዛላ በመዳፏ አሽታ አየችና «ይበላል» ብላናለች።

የኅሩይ አጨዳ ዛሬ የወፍ ጎጆ አይመስልም። ውብ ነው አልልም። ዝማም ግን ከኋላው እየተከተለች መልቀሟን ትታለች፤ እሱም ይህን አስተውሎ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ወርቁ፣ ኅሩይ ሲያጭድ ሊያነሣው ፈልጎ ነበር። «ዳር የሚቆም ሰው አይፈለግም» አለው፤ ያንን የተናገረው በዝማም ድምፅ ነው ማለት ይቻላል።

ረፋዱ ላይ ቢያዝን በማሳው ዳር ሲያልፍ ቆመ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬ የምታጭደው የማንን ቀን ነው?»

«የራሴን።»

«እንግዲያስ እኛም አንድ ቀን አለብን ማለት ነው። ማሳ የለህ፣ የት እንሥራልህ?»

ኅሩይ ላቡን በክንዱ ጠረገ። ብዙ አላሰበም። «ለእትየ ዝማም ውቂያ አድርጉት» አለ።

ቢያዝን መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ይሁን» ብሎ ሄደ። ዝማም አልሰማሁም ብላለች፤ ለምሳ ያቀረበችልን ወጥ ግን የሰማች ሰው ወጥ ነው።

ምሳ ስንበላ «ፊልሙስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ግማሽ ነው» አለኝና እንጀራውን ቆረሰ። ወርቁ ካሜራውን ከእርጥበት የት እንደሚያስቀምጠው ተቸግሮ ነበር። ዝማም የእህል ጎታዋን ከፈተችለት። ጤፉ ገና ስላልተወቃ ቦታ አለ።